ማተቤን ልፈታ የሄድኩበት ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ነው። ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩትም፤ ያሳፍረኛል። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ሴት ከሐሳቤ አልወጣ ስላለችኝ ነው። ስሟን እንኳ አላውቀውም።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ እዚያ ይሠራ ነበር፤ እሁድ እሁድ ይደውልልኝ ነበር። እዚያ አገር ጦርነት ሲነሳ አንድ ጊዜ ደወለና «ወደ ድንበር እየወጣን ነው፣ አታስቢ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ልጅ የለንም።

በመጀመሪያው ዓመት ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምን ወሬ አለ?» ይለኝ ነበር። መልሱ ስለሚያስለቅሰኝ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሁሉም መጠየቁን ተወው። ለኔው ብለው ነው፤ እንዳልከፋ። ግን ያ ባሰ። ስሙን የሚጠራልኝ ሰው ጠፋ። ከሥራ መጥቼ በሬን ከዘጋሁ እስከ ማግስቱ ድረስ አንድ ቃል ሳልናገር የማድርበት ቀን ብዙ ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ቀኑም እንደ ሌሊቱ ዝም አለ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የባሌ ታላቅ ወንድም ከአይከል መጣ። አያ መኮንን ነው የምለው። ደግ ሰው ነው። ከተቀመጠ በኋላ መሬት መሬት እያየ፣ «እህቴ፣ እናታችን አርጅታለች። ልጇን ሳታለቅስለት ልትሞት ነው። ፍልሰታ ሳይገባ እርማችንን እናውጣ» አለኝ።

«ሞቱን ማን ነገራችሁ?» አልኩት።

«መኖሩንስ ማን ነገረን?» አለኝ። ዕንባው መጣ።

ሬሳ ሳይኖር ድንኳን ሊጣል ነው። እኔም ጥቁር ልለብስ ነው። በሕይወት ላለ ባሌ ባለቅስስ? ደግሞ ሞቶ ከሆነና እኔ ብቻ አላለቅስም ብልስ?

ይህን ለጎረቤቴ ለስንዱ አወራኋት። በአንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ስታመም የምታስታምመኝ እሷ ናት፤ ክፋት የላትም። «ቁርጥሽን የሚነግርሽ ሰው አለ» አለችኝ። «ከጠዳ ወጣ ብሎ አንድ አዋቂ አለ። ባልሽ የለበሰውን ልብስ ይዘሽ ብቻ ሂጂ።»

አዋቂ ማለት ምን እንደሆነ አላጣሁትም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቄስ ነበር። በልጅነቴ ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው ሲነሳ ፊቱ ይለወጥ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስጾም ስጸልይ ኖሬ አንድ ምልክት አላየሁም። ውዳሴ ማርያም መድገሙንም ከተውኩት ሰነበትኩ። ሰማዩ ዝም ካለኝ፣ የሚናገረኝን ልጠይቅ ብዬ ቆረጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ተነሳሁ። የባሌን ሸሚዝ ከሣጥን አወጣሁ። ከሄደ ጀምሮ አላጠብኩትም ነበር። በቦርሳዬ ከትቼ በሚኒባስ ጠዳ ወረድኩ። የተማሪ ወላጅ እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። ከአስፋልቱ ወጥቼ በጭቃው አንድ ሰዓት ያህል ሄድኩ።

ቦታው እንደ ማንኛውም የገበሬ ግቢ ነው። አጥሩ ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ አለ፤ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

የአዋቂው አጋፋሪ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። አጎንብሶ አነጋገረኝ። «እትዬ፣ ተራሽ ሲደርስ አንገትሽ ላይ ያለውን አውልቀሽ ነው የምትገቢው። ስትወጪ መልሰሽ ታስሪዋለሽ። ምንም አይደል» አለኝ። ቃሉ ለስላሳ ነበር። ቢቆጣኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ እነሳ ነበር ይመስለኛል።

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ማተቤ ጥቁር ክር ነው፤ ቋጠሮው ጠብቋል። በጥፍሬ መፍታት ጀመርኩ። ለምን እንደሁ እንጃ፣ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ባሌ አልነበረም። እንዳይዘገይብኝ፣ ተራዬ እንዳያልፍ ብቻ ነበር የምፈራው።

የቀዘቀዘ እጅ እጄን ያዘኝ።

ከጎኔ የተቀመጠች አሮጊት ናት። ጠይም፣ ጉንጯ የጎደጎደ። «ተይው ልጄ» አለችኝ በቀስታ። «ምነው፣ አንች ደግሞ ማን ጠፍቶብሽ መጣሽ?»

«ባሌ» አልኳት። የዚያን ቀን ያወጣሁት የመጀመሪያ የእውነት ቃል እሱ ነው።

«የኔ ልጄ ናት። ዓረብ አገር ሄዳ ቀረች። እዚህ ስመላለስ ሰባት ዓመቴ።»

«ምን ይሉዎታል?»

«ደህና ናት፣ መንገድ ላይ ናት ይለኛል። ሰባት ዓመት መንገድ ላይ ናት!» አለችና ሳቅ አለች። ሳቋ ልብ ይበላል።

«ታዲያ እውነት እንዳልሆነ ካወቁ ለምን ይመጣሉ?»

ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ «ሌላ ስለሷ የሚያወራኝ ሰው የለማ» አለችኝ።

እኔም ያመጣኝ እሱው ነው። ለራሴ ግን ቁርጥ ለማወቅ ነው እያልኩ ነበር።

ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አሳየችኝ። ባዶ ነው። «መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ፈታሁት። ስወጣ አስረዋለሁ ብዬ። እጄ እንቢ አለኝ፤ አፈርኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አጥሩን ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ አልገባም። አንች ግን ገና ነሽ። ሸጋ ልጅ ነሽ፣ ተነሽ ሂጂ።»

አጋፋሪው ከበሩ ብቅ ብሎ በእጁ ጠራት። ተራዋ ነው። ዱላዋን ይዛ ተነሳች።

ነጠላዋን ያዝኳት። «እማማ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት። «እኔ ቤት እንሂድ። ስለ ልጅዎ እየነገሩኝ እንዋል።»

ለአፍታ ቆመች። የምትመጣ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። «እስቲ ዛሬ ደግሞ ምን ይለኝ እንደሁ» አለችና ነጠላዋን ከጣቴ አስለቅቃ ገባች።

እኔ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ዝናቡ እየመታኝ ሮጥኩ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ማን ሰማኝ አላልኩም።

በዚያው ንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሲያዩኝ ደነገጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «መሄድሽንም ሰምቻለሁ፣ መመለስሽንም ሰምቻለሁ» አሉና ስግደት አዘዙኝ። «እኔ አይደለሁም የተመለስኩት፣ አሮጊቷ መልሳኝ ነው» ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እግዚአብሔር ባገኘው ሰው ይጠብቃል። መልአኩ ነጭ ልብስ ለብሶ ይመጣል ብለሽ ጠብቀሽ ነበር?» አሉኝ።

በሳምንቱ አይከል ወረድኩ። ለአያ መኮንንና ለአማቴ «መሞቱን አላውቅም፣ መኖሩንም አላውቅም። የማላውቀውን አላለቅስም። የምትችሉ አብራችሁኝ ጠብቁ» አልኳቸው። አያ መኮንን ተከፋ። አማቴ ግን አጠገቧ አስቀመጠችኝና ባሌ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ጥርሱን የሰበረበትን ቀን ነገረችኝ። ጨርሳ ደገመችልኝ። ድንኳኑ ቀረ። በምትኩ ፍልሰታን በሙሉ ሦስታችን ጸሎት ያዝን።

ባሌ ዛሬም አልደወለም። ማታ ማታ አሁንም ብቻዬን ነኝ፤ ይህ አልተለወጠም። ሰው የጠፋበት ሰው ሳገኝ ግን እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልልም፤ ስለጠፋበት ሰው እጠይቀዋለሁ፣ ቁጭ ብዬም እሰማለሁ።

አሮጊቷን ጠዳ ገበያ ድረስ እየሄድኩ ስንት ጊዜ ፈለግኋት። አላገኘኋትም። ሰው ይህን ቢሰማ «በርትተሽ ፈተናውን አለፍሽው» ይለኝ ይሆናል። አልበረታሁም። የወደቀች ሴት ናት ገፍታ ያወጣችኝ። እኔ ያን ቀን የያዝኩት የነጠላዋን ጫፍ ነበር። እጇን መያዝ ነበረብኝ።