«ሌባው» ያመጣው ጫማ

የቀድሞ አሠሪዬ አገር ለቃ ስትሄድ ውሻዋን ለእኔ ተወችልኝ። ጎልደን ሪትሪቨር ነው፤ ጸጉሩ ወርቃማ፣ ቁመናው ጥጃ የሚያህል፣ ሲያይ የሚያዝን የሚመስል። ቤቴል ወዳለው ግቢያችን ይዤው ስመጣ በሩን የከፈተልን አባቴ ራሱ ነው። ሰፈሩ ሌባ በዝቶበት ስለነበር እንዲህ ያለ ውሻ ከሰማይ የወረደ መሰለው።

ውሻው ግን ላገኘው ሁሉ ጭራውን ይቆላል። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ተንጋሎ ሆዱን ይሰጠዋል። አንድ ቀን እንኳ ጮሆ አያውቅም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ይሄ በቀን ሦስቴ በልቶም ዝም!» ይል ነበር አባቴ።

ሌላም ጠባይ ነበረው። ረቡዕ ከሰዓት ቤታችን የጸሎት ፕሮግራም አለ። እንግዶቹ ጫማቸውን በረንዳው ላይ ያወልቃሉ፤ እሱ ደግሞ አንድ እግር ጫማ ይመርጥና ይዞ ገብቶ አባቴ እግር ሥር ያስቀምጣል። ጥርስ ያረፈበት ጫማ ግን አንድም አልነበረም። ስሙ «ሌባው» ሆኖ ቀረ። ያውም ከሌባ እንዲጠብቀን ያመጣነው ውሻ!

ያ ረቡዕ ክረምት ነበር። አባቴ ደከመኝ ስላለ መኝታ ቤቱ ተኝቷል ብዬ ነበር። ለካ በጓሮ በር ወጥቶ እንሰቱ ውስጥ ገብቷል። ችግኙን ከትውልድ አገሩ ከደቡብ ምዕራብ ያመጣው ራሱ ነው፤ የደረቀውን ቅጠል ካልቆረጠ አይሆንለትም። እኛ ሳሎን እየዘመርን ሳለ ሌባው የአባቴን አንድ እግር ጫማ በአፉ ይዞ ገባና እግሬ ሥር አስቀመጠው። ከበረንዳው የወሰደው መሰለኝ። እንግዶቹን አፍሬ መልሼ አወጣሁት። እንደገና አመጣው። ጭቃ ነበረበት፤ ጭቃውን አይቼዋለሁ። «አንተ ሌባ!» አልኩና ጫማውን በረንዳው ላይ ጥዬ እሱን ጎትቼ በሰንሰለት አሰርኩት።

ያኔ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ሰማሽ ልጄ? ዛሬ ገና ውሻ ሆነ እኮ!» አሉ አንዲት እናት። ሁላችንም ሳቅን። ድምፁ እንዳይረብሸን መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም ጫማውን አደረገ። በረንዳው ላይ ባለቤት የሌለው አንድ እግር ጫማ ቀረ።

አባቴን እንሰቱ ሥር ወድቆ አገኘነው፤ አንድ እግሩ በካልሲ ብቻ ነበር። ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። ሐኪሙ «መቼ ነው የወደቁት?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የዘመርናቸውን መዝሙሮች በልቤ ቆጠርኩ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ስለ ውሻው ዘር ያነበብኩት ከለቅሶው በኋላ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ለአዳኞች ተብሎ የተዳቀለ ነው አሉ። ተመትቶ የወደቀውን ወፍ ከውሃም ከጥሻም ፈልጎ፣ ላባውን ሳይጎዳ ለጌታው ያመጣል። አፉ ለስላሳ ስለሆነ እንቁላል ቢይዝ እንኳ አይሰብርም ይባላል። ሰው ስለሚወድ ለጥበቃ አይሆንም። ስልኬን አስቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ ለአፉ ስለከበደው ነው ጫማውን ብቻ ያመጣልኝ።

አሁን ውሻው አርጅቷል፤ በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ጫማውን መጣል አልሆነልኝም፤ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ረቡዕ መዝሙር ሲጀመር ከዚያ ያወጣውና እግሬ ሥር ያስቀምጠዋል። እኔ ተነስቼ እስከ እንሰቱ ድረስ እከተለዋለሁ፤ ቅጠሉንም ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ማንም እንደሌለ አጥቼው አይደለም። አንዴ ጠርቶኝ አልሄድኩም።