ውሾቹን ያናፈስን ቀን

የተቃጠለ ሣር በሸተተኝ ቁጥር እግሬ ይፈጥናል። ትናንት ከታክሲ ወርደን ወደ ሰፈራችን ጀፕስታውን ስንታጠፍ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሽው አለኝ፤ ሳላስበው ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ጀመርኩ። ባለቤቴ "ደግሞ ምን ሊያመልጥህ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት!

ያኔ ሦስት ሆነን ጻካኔ በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ አንዲት ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የመንደር ሱቅ እንሠራ ነበር፤ ሱቋን የከፈተው ታላቃችን፣ አብሮ አደጌና እኔ። ሦስታችንም ከሆሳዕና እስከዚህ አገር ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በጫካ በእግር ነው የመጣነው። ታዲያ ጎረቤታችን ጎጎ (አሮጊቶቹን እዚያ ጎጎ ነው የምንላቸው) አንድ እሑድ "ልጆቼ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ እነዚህን ውሾች ሜዳ ወስዳችሁ አናፍሱልኝ" ስትለን ታላቃችን ዓይኑን አፈጠጠ።

"በእግር? ታክሲ እያለ ጤነኛ ሰው በእግሩ ይሄዳል እንዴ?" አለን በአማርኛ።

ጎጎ ግን የትልቁን ውሻ ገመድ ለአብሮ አደጌ አቀበለችው። አብሮ አደጌን ዛሬ ደርባን ባሕሩን እያየ ሻይ ሲጠጣ ብታየው አታምነኝም፤ ያኔ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ አይወጣም ነበር። ለደንበኛ ዋጋ ይናገራል፣ ከእኛ ጋር አያወራም። አብረን ስንመጣ ታናሽ ወንድሙ ደክሞት ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ድንበር አሻጋሪው እኛን በዱላ እየነዳ አሳለፈን። የተቀመጠ ይቀራል፣ ሕጉ ይኼ ነበር። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። አብሮ አደጌንም እንዳናጣው ፈርተን ነበር፣ እውነቴን ነው። አሮጊትን እምቢ ማለት ግን አላደግንበትም፤ ገመዱን ተቀበለ።

ሐምሌ ነበር። አገር ቤት ዝናቡ ሲያወርደው እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ፀሐይዋ ደግሞ ጀርባ ላይ ደስ ትላለች። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አልፈን ሜዳው ላይ ወጣን። ግማሹ ሣር ቢጫ፣ ግማሹ ተቃጥሎ ጥቁር፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ወዲያ ማዶ የድሮው ወርቅ ማውጫ የአፈር ክምር ያበራል። ይህን ሁሉ ያየሁት ግን ኋላ፣ ቁጭ ስንል ነው።

ታላቃችን ትንሿን ውሻ ይዞ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ አብሮ አደጌ ከኋላ። ማንም ሳይለን ተሰልፈናል! አንገታችንን ደፍተን፣ ቃል ሳንተነፍስ እንገሰግሳለን። ውሾቹ፣ ምስኪኖች፣ እያንዳንዷን ሣር ካላሸተትን ይላሉ፤ እኛ እንጎትታቸዋለን። ድንገት ታላቃችን ቀጥ አለ።

"ቆይ ቆይ፤ ማነው የሚያባርረን?"

እኔማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አሁንም ስነግርህ ያስቀኛል። እየሳቅኩ ዞር ስል አብሮ አደጌ ከኋላዬ የለም። ርቆ፣ የተቃጠለው ሣር ላይ ተቀምጧል፤ ውሻው አጠገቡ ቆሞ ወደ እኛ ያያል።

ክው አልኩ። በሩጫ ተመልሼ "ተነስ! ተነስ እኮ ነው የምልህ!" ብዬ ጮኽኩበት። ድምፄ የአሻጋሪው ድምፅ ነበር። እጄ ሳይቀር ተነስቷል። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ታላቃችን ደረሰ። ያን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሰውን ሱሪ እንደለበሰ አመዱ ላይ ዝርፍጥ አለ። እኔም ተቀመጥኩ።

"አልደከመኝም" አለ አብሮ አደጌ፣ የውሻውን አንገት እያሻሸ። "ትመለሱ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።"

 ከዚያ ስለ ወንድሙ ማውራት ጀመረ፤ ኳስ ሲጫወት እንዴት እንደሚያጭበረብር፣ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚያኮርፍ። ሳቀም። ፀሐይዋ ጋደል አለች፣ ብርዱ በሱሪያችን ገባ፣ ውሾቹ ተኙ። እሱ ራሱ እስኪነሳ ድረስ ማናችንም አልተነሳንም።