ማንም ያልቀመሰው ውሃ

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ረመዳንና ዓቢይ ጾም የተገናኙበት ዓመት ነው ብዬ እንዳልገላገል፣ እነሱ አንዴ ከተገናኙ ተከታትለው ይገናኛሉ፤ ይኸኛው ይሁን ያኛው መለየት አቅቶኛል። ሙቀቱ ገና አልከረረም ነበር። ልጄም ያን ጊዜ ሙረባዕ የሚባል ሰፈር ካሉ ሰዎች ቤት ትሠራ ነበር። እነዚህን ሁለቱን አውቃለሁ።

እኔ የምሠራው እዚህ ዓረብ አገር፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለች የውሃ ማጣሪያ ቤት ነው። ከፊት ሦስት ቧንቧ፣ ከኋላ ታንከርና ፓምፕ፣ በመሐል ረጃጅም ነጫጭ ቱቦዎች። የዚህ አገር የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ቦቴ ያመጣዋል፤ ፓምፑ በማጣሪያው ውስጥ ይገፋዋል፤ ጨዉ ወደ ኋላ ቀርቶ የሚጠጣው ወደ ፊት ይመጣል። ሰው ጀሪካኑን ይዞ መጥቶ ይቀዳል።

የእኔ ድርሻ ውሃው ከመሸጡ በፊት ማየት ነው። ትምህርቴ ቁጥር ከማንበብ አያልፍም፤ ለሥራው ግን ይበቃል። ጠዋት በትንሽ ብርጭቆ እቀዳለሁ፤ የክሎሪኑን ጠብታ አንጠባጥቤ ቢጫነቱን ከካርዱ ላይ ካለው ቀለም ጋር አስተያየዋለሁ። ከዚያ እስክሪብቶ የምታህለውን የጨው መለኪያ እነክርና ቁጥሯን አነባለሁ። በመጨረሻ እቀምሰዋለሁ። መቅመሱን ማንም አላዘዘኝም። እኛ አገር ምንጭ ሲጎለብት አንድ ሽማግሌ ሳይቀምስ ሰው አይቀዳም፤ እኔም ያንኑ ይዤ መጣሁ።

ልጄን የማያት በዚህችው ቤት ነው። ቀጣሪዎቿ ወደ ውጭ አይለቋትም፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ የዐስር ሰላት ካለፈ በኋላ ግን ሾፌሩ ውሃ ሊቀዳ ሲመጣ ጀሪካን እንድትከድን አብራው ትላካለች። ማዳሟ ይህን የፈቀደችው ውሃውን የማየው እኔ ስለሆንኩ ነው። ለእንግዶቿ እንኳ፣ «የውሃችንን ንጽሕና የሚያየው የሠራተኛችን አባት ነው» ትላለች አሉ። እኔም የእነሱ መኪና ሲመጣ ሦስተኛውን ቧንቧ ግማሽ ብቻ እከፍተዋለሁ። ጀሪካኑ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ እኛ እናወራለን። ሾፌሩ ህንዳዊ ነው። ገብቶታል። ስልኩን አውጥቶ ወዲያ ዞሮ ይቆማል።

ደግሞ ድምፅዋን በስልክ እሰማ የለ እንዴ? እሰማለሁ። ግን በስልክ ሁሉም ሰው «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ደህና መሆኗን የማውቀው እጇን ሳይ ነው፤ በረኪና ልጦታል ወይስ አልላጠውም።

ከእኔ ጋር ጀሪካን የሚሸከም አንድ የጎጃም ሰው ነበር። ጎልማሳ ነው፤ አገሩ ልጆች አሉት። በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው፣ የፖሊስ መኪና ሲያይ ከታንከሩ ኋላ የሚሄድ። ከፊላችን፣ ማለት ዓረቡ አሠሪያችን፣ ያውቃል፤ ዋጋው ስለሚረክስለት ዝም ይላል። እኔን «ጋሼ» ይለኛል፣ እኔ «የኔ ቄስ» እለዋለሁ፤ እንጀራ አገኘ ዳቦ አገኘ ሳያማትብ አይጎርስም፣ ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ።

ረመዳን ሊገባ ሲል መለኪያችን ሞተች። ባትሪ ቀየርንላት፣ በጨርቅ ጠረግናት፤ ምን ብትነከር ዜሮ ነው የምትለው። ለከፊሉ ነገርኩት።

«ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ» አለኝ።

ስለዚህ የቀረን ምላስ ነበር። ረመዳኑ በገባ በመጀመሪያው ጠዋት ብርጭቆውን ቀዳሁና ለጎጃሜው አቀበልኩት።

«እንግዲህ ያንተ ምላስ ነው የቀረን።»

«እናንተስ ለሰላት ስትታጠቡ ትጉመጠመጡ የለ?» አለኝ እየሳቀ። «እግረ መንገድዎን አይቀምሱትም?»

«እሱ በመስጊዱ ቧንቧ ነው። ደግሞም ያ ለአላህ ነው፤ ለከፊል አይደለም።»

«አይ ጋሼ! አላህና ከፊልን ለይተው ያወቁ ብቸኛው ሰው እርስዎ ነዎት እዚህ አገር።»

ብርጭቆውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። በረመዳን ቀን ሰው ፊት ውሃ ወደ አፍ አይወሰድም፤ ስለዚህ መሄዱ ደንብ ነው አልኩ። ተመልሶ፣ «ጣፋጭ ነው» አለኝ። እኔም ቧንቧዎቹን ከፈትኩ። በየጠዋቱ እንዲህ አደረግን። ማታ ማታ አዛን ሲል አብሮኝ ቁጭ ብሎ ይጠጣ ነበር፤ ውሃውም እውነትም ጣፋጭ ነበር።

ክርስቲያኖቹ ጾም ላይ መሆናቸውን አላወቅሁም አይደለም። ወሎ ተወልጄ ይህን ባላውቅ ነውር ነው። ሥጋና ቅቤ መተዋቸውን አውቃለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፋቸው የማይዞር እንዳሉም አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ጀሪካን የሚሸከም ሰው ግን ያደርገዋል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ሐሙስ ልጄ መጣች። እጇ ደህና ነበር።

«አብዬ፣ ከንፈርህ ደርቋል» አለችኝ።

«የጾመኛ ከንፈር ነዋ።»

«የኔን ግን እየው፣ ምንም አልሆነ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ።»

«ዛሬ ሰው ይበዛል ቤት። የማዳም እህቶች ለፊጥር ይመጣሉ፤ እኛው ጋ ነው የሚያፈጥሩት» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዒድ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ልለቅሽ እችላለሁ ብላኛለች። ባጥሐ ገበያ ወርደን አብረን እንበላለን፤ ነጠላ ጫማም እገዛልሃለሁ፣ ይኸ እኮ አልቋል» አለችኝ። ውሃው ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል። የመጨረሻውን ጀሪካን ክዳን አጥብቃ ዘጋች። ሾፌሩ «ያላ» አላት፤ ሄዱ።

መግሪብ ደረሰ። አዛኑ ከየአቅጣጫው ሲነሳ እኔና ጎጃሜው ከበሩ አጠገብ ካርቶናችን ላይ ተቀምጠናል። ተምር አፌ ውስጥ አደረግሁ። ብርጭቆውን አነሳሁ፣ ጠጣሁ።

ጨው ነው።

በመጀመሪያ አፌ ነው የከዳኝ ብዬ ነበር። ቀና ስል ጎጃሜውም ጎርሶ፣ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ጉንጩን ነፍቶ እያየኝ ነው። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዚያች ደቂቃ፣ ቀኑን ሙሉ የጠበቃትን ጉንጭ ውሃ እየጎነጨ ነው። ሙረባዕም የማዳሟ እህቶች እየጎነጩ ነው።

ቱቦዎቹን ፈታን። ጨዉን ከሚጠጣው የሚለየው የላስቲክ ቀለበት ተሰንጥቋል፤ ጥሬው የጉድጓድ ውሃ ሾልኮ ተቀላቅሏል።

«ወንድሜ፣ ጠዋት ቀምሰኸው አልነበረም?» አልኩት።

ቀለበቱን በጣቱ አሽከረከረ።

«አልቀመስኩትም።»

«ዛሬ?»

«ጾሙ ከገባ አንድም ቀን።»

«ታዲያ ጾመኛ ነኝ አትለኝም ኖሯል?»

«ጋሼ፣ ጾም እኮ አይወራም። ካወሩት ምኑን ጾም ሆነ? ዋጋው ይቀራል።»

«ጣፋጭ ነው ስትለኝስ?»

«ትናንት ማታ ጣፋጭ ነበራ» አለኝ።

ምን ልበላችሁ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው ግን የሚይዘው ቦታ አጣ። ይህን ሰው ቁርባን ከሚቀበልበት ቤተ ክርስቲያን ባሕር ለይቶታል። ጠበል የለው፣ ቄስ የለው። የቀረችው እሷው የተሰወረችው ጾሙ ናት። እኔ ደግሞ በሱ ምላስ ላይ ልጄን አስቀምጬ ነበር።

ከማታው የተራዊሕ ሰላት በፊት ሰዎች ጀሪካናቸውን እየያዙ መጡ። የጎረቤታችን ባለ ሱቅ የመናዊ፣ «ሾርባው ጨው በዛ ብዬ ሚስቴን ተቆጣሁ! ሻዩም ጨው ሲሆን ነው የገባኝ። አሁን አንተ ና አስታርቀኝ!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ከፊሉ መጣ፣ ቀመሰ፣ ተፋ፤ «ኸላስ፣ ድፋው» አለ። ታንከሩን ሙሉ ደፋነው። ከዒድ በኋላ የተባለችው መለኪያም በማግስቱ መጣች።

በቀጣዩ ሐሙስ መኪናው አልመጣም።

ስልክ ደወለች። «አብዬ፣ ማዳም በእህቶቿ ፊት አፈረች። አሁን የታሸገ ውሃ በካርቶን ቤት ድረስ ያመጡላታል።»

«አንቺን ተናገረችሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች።

«የዒዱስ ቀን?»

«ኢንሻአላህ ብላለች።» ኢንሻአላህ በማን አፍ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጎጃሜው ይህን ሰማ። በነጋታው ረፋዱ ላይ ጠፋብኝ። ያ ወረቀት የሌለው፣ ከሰፈሩ የማይወጣ ሰው በባጥሐ በኩል በእግሩ አልፎ ሙረባዕ ድረስ ሄዷል፤ ቤቱን ከሾፌሩ በስልክ ጠይቆ ነው። በሩ ጎን ግድግዳ ላይ ያለችውን የመጥሪያና የመነጋገሪያ ቁልፍ ተጭኖ፣ በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛው፣ «ጥፋቱ የሽማግሌው አይደለም፣ የኔ ነው» ብሎ ለግድግዳው ተናገረ። ከግድግዳው ውስጥ የሴት ድምፅ፣ «ውሃ አለን፤ ሹክረን» አለው። ተመልሶ ሲነግረኝ ከንፈሩ እንደ አመድ ነጥቷል፤ ውሃ እንኳ አልጠጣም።

«ቢይዙህስ ኖሮ?» አልኩት።

«ተርሂል ነዋ። አባረው አገሬ በአውሮፕላን በነፃ ያስገቡኝ ነበር» አለኝ።

ዒዱ አለፈ። ቀኗ አልተሰጠችም። ከዚያ ኮንትራቷ አለቀና ማዳሟ በቀጥታ ወደ ኤርፖርት ሰደደቻት፤ ከዚያው ደወለችልኝ። አገር ቤት ብዙም አልቆየችም፤ ለሥራ ቤሩት ገባች። እኔ በኹሩጅ፣ በመጨረሻው መውጫ ቪዛ፣ ብወጣ እዚህ አልመለስም፤ አገር ቤትም የማገኛት አይደለሁም። እጇን ያየሁባት ያቺ ሐሙስ የመጨረሻዬ ናት። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ የምጠብቀው ምን አለ? አዲሷ መለኪያ ግን እስከ ዛሬ ትሠራለች። እኔም በረመዳንም ቢሆን ቀምሼ እተፋለሁ፤ ቀኑን ከዒድ በኋላ ጾሜ እከፍላለሁ።

ያ ሰው ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ዐስር ከተሰገደ በኋላ ጀሪካን መሸከሙን ይተው ነበር። ከፊሉ ቢጮኽ፣ ደንበኛ ቢሰለፍ፣ አይሰማም። የራሳችንን ጀሪካን አምጥቶ ሦስተኛው ቧንቧ ሥር ያስቀምጣል፤ ቧንቧውን ግማሽ ብቻ ይከፍታል፤ እስኪሞላ ድረስ ከጎኔ ይቀመጣል። አያጽናናኝም፣ ይቅርታም አይለኝም። ስለ ልጆቹ ጥቂት ያወራል፤ አንዳንዴም ዝም ብለን ውሃውን እናያለን። ሲሞላ ይከድንና ይነሳል። እንዲህ ሲያደርግ ቆየ፤ አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ፖሊሶች እስኪይዙት ድረስ።

ያን ክፉ ጊዜ ማን አሳለፈህ ብትሉኝ፣ እሱ ነው፤ ሳይቀምስ «ጣፋጭ ነው» ያለኝ የጎጃም ሰው።