ለመህዲ የተተወ ትራስ

ሆሳዕና ከገበያው ከፍ ብሎ በነበረው ቤታችን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ሰሌን ይነጠፋል። አባቴና አምስት ባልንጀሮቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ጫታቸውን ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። ሰዎቹ ስድስት ናቸው፤ የሚደረደረው ትራስ ግን ሰባት ነው። ሰባተኛው ከበሩ ፊት ለፊት ይቀመጥና ጨው ጣል የተደረገበት አንድ ስኒ ቡና ይቀዳለታል። ማንም አይቀመጥበትም። የመህዲ ቦታ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። መህዲ በእኛ በሙስሊሞች እምነት በዘመን መጨረሻ የሚነሳ መሪ ነው። ምድር በግፍ ስትሞላ መጥቶ በፍትሕ ይሞላታል፤ ለሚለምነው ሁሉ ሳይቆጥር በእፍኙ እየዘገነ ይሰጣል። ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ስሙ የነቢዩ ስም፣ የአባቱም ስም የነቢዩ አባት ስም ነው ይባላል። አባቴን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሰውየው ቀኑ እስኪደርስ መህዲ መሆኑን ራሱም አያውቅም፣ አላህ በአንድ ሌሊት ያዘጋጀዋል የሚለው። "እንግዲህ ማን ያውቃል፣ ነገ ጨው ሊገዛ የሚመጣው ሰው ይሆናል" ይላል። በዚህ የተነሳ ሱቃችን በር ላይ በማንም ላይ አይጮህም ነበር። ሰካራም እንኳ በክብር ነው የሚሸኘው።

የትራሱ ነገር ግን ኪታብ ውስጥ የለም። አባቴና ባልንጀሮቹ ራሳቸው ያመጡት ልማድ ነው። አንድ ጊዜ ከስልጤ በኩል የመጡ ሼህ ይህን አይተው፣ ስቀው ስቀው ሲያበቁ "መህዲ የሚነሳው መካ ነው፤ ሆሳዕና ድረስ ደግሞ በምን ሊመጣ ነው?" አሉ። አባቴ አልተቀየመም። "እኛ ቦታውን እንያዝለት እንጂ የመኪናውን ነገር እሱ ያውቃል" ብሎ ትራሱን አራግፎ ወደ ቦታው መለሰው።

እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዶዮገና ሁለት ዓመት አስተምሬ ወደ ሆሳዕና የተዛወርኩ የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። አፌ ስለታም ነው፤ ያላገባችው በምላሷ ነው የሚሉ ነበሩ፣ አልዋሹም። ሐሙስን ግን እወዳት ነበር። የእኔ ሥራ ከጓዳ ሆኜ ስኒ ማቅረብና "አሚን" ማለት ነው። አባቴ ዱዓ ሲያደርግ በየልመናው መጨረሻ ትንሽ ቆም ይላል፤ በዚያች ፋታ ሁላችንም "አሚን" እንላለን። "አሚን ባይ የሌለው ዱዓ ያስፈራኛል" ይለን ነበር።

ከሁላችን ጎልቶ የሚሰማው የታናሽ ወንድሜ አሚን ነው። ገና በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ የጎልማሳ ድምፅ ነበረው። አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ይጠብቅ ነበር። ስሙ የነቢዩ ስም ነው፣ የአባቴም ስም የነቢዩ አባት ስም፤ እንዲህ ያለ ቤት በሰፈራችን ብቻ አራት አምስት ይገኛል። የአባቴ ባልንጀሮች ግን ቀልድ አያልፋቸውም፤ ወንድሜ ረከቦት ይዞ በገባ ቁጥር "ተነሱ፣ መህዲው መጣ!" ይላሉ። እሱም በትራሱ ላይ የሚቀመጥ መስሎ ጎንበስ ይልና አባቴ ሲቆጣው እየሳቀ ይወጣል። ወንድሜ የማይቀልደው በሻይ ብቻ ነበር። ለአንዲት ስኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል፣ ያውም ስኳር በቀበሌ በካርድ በሚታደልበት ዘመን። አባቴ በጨው ቡናው የጸና ሰው ስለሆነ ስኳሩን የምንሻማው እኔና ወንድሜ ነበርን።

አንድ ቅዳሜ ለስኳር የመሰለፉ ተራ የእኔ ነበር። የፈተና ወረቀት ከፊቴ ተቆልሏል። "ሂድልኝ እባክህ፤ የምትጨርሰው አንተ አይደለህ?" አልኩት። ከረጢቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን፣ ጤና ጣቢያ በጽዳት የሚሠሩት የሀዲያ ሴት፣ ከረጢቷን ይዘው መጡ። እሳቸውም ሰልፉ ላይ ነበሩ። የቀበሌ ጠባቂዎች ወጣት ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና እየመረጡ በመኪና ሲጭኑ፣ ወንድሜን ስኳሩን አስመዝኖ እስኪጨርስ ጠብቀውታል። "ለቤት ያድርሱልኝ አለኝ" ብለው ሁለት ኪሎዋን ስኳር እጄ ላይ አኖሯት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳር አልቀመስኩም። ራሽኑ ሲመጣ ግን እሰለፋለሁ፣ ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ እጨምራለሁ። ሲመጣ ይጠጣዋል ብዬ ነው። አንድ ደብዳቤ ከማሰልጠኛው ጻፈልን፣ አንድ ደግሞ ከሰሜን፤ ሁለተኛው ላይ ብርዱ ከእኛ ጊምቢቹ አይብስም ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እኔ ቀበሌ እመላለሳለሁ። "ለእናት አገሩ ግዳጅ ላይ ነው፣ ልትኮሪ ይገባል" ይሉኛል፣ ኮርቼ እመለሳለሁ። አባቴ አንድም ቀን አብሮኝ አልሄደም። ሐሙስ ሲሆን ሰሌኑን ያነጥፋል፣ ትራሱን ይደረድራል፣ ፍትሕ ይዞ የሚመጣውን ይጠብቃል።

የሚደረደረው ትራስ እያነሰ ሄደ። ከአምስቱ ባልንጀሮች ሥጋ ሻጩ ሞቱ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን ጭነው አዲሎ ሄደው መንገድ ዳር መስፋት ጀመሩ። በበቅሎ ከጊምቢቹ ይመጡ የነበሩት በመንደር ምሥረታ ቤታቸው ፈርሶ እሱን ሲሠሩ ቀሩ። አራተኛው አርጅተው ልጃቸው ጋ ሄዱ። አምስተኛው በሰላም አሉ፤ ግን ቀበሌው የውይይቱን ሰዓት ሐሙስ ከሰዓት አደረገው፣ የቀረ ሰው ደግሞ ስሙ ይያዛል። አባቴን ገበያ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን ይደፋሉ። አባቴን ቀበሌው በእርጅናው ከውይይቱ ስለሚተወው ሐሙስን ብቻውን ቀረ። ሁለት ትራስ ብቻ፣ የራሱና የመህዲ።

እንግዲህ አሚን ባይ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ከለከልኩት።

ከቀበሌ ተመላልሼ በመጣሁበት አንድ ሐሙስ ነው። አባቴ "አላህ ሆይ፣ ምድርን በፍትሕ የሚሞላውን አቅርብልን" ብሎ ቆም ሲል የጓዳውን መጋረጃ ገልጬ ወጣሁ። "ዓለምን ሁሉ የሚያቀና ሰው ትጠብቃለህ፤ የገዛ ልጅህን ግን የት ደረሰ ብለህ ጠይቀህ አታውቅም! ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ አሚን እንዳትጠብቅ!" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱን ለመናገር ያንደደኝ የእሱ አለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። ወንድሜን የላክሁት እኔ ነኝ። አባቴ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም፣ እኔም ደፍሬ አላነሳሁትም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሐሙስ እሱ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ። አንዷን ልመና ይጨርስና ቆም ይላል፤ ስኒ እያጠብኩ አፌን እዘጋለሁ። ትንሽ ይጠብቀኛል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ራሱ "አሚን" ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች ነበርን፣ ሁለታችንም ብቻችንን። አንዳንዴ አፌ ሊከፈት ምንም አይቀረውም፤ እልኼ ይይዘኛል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ በጓሮ በኩል መጡ። ካቶሊክ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ መቁጠሪያ አይለይም። ከሳሎን የአባቴ ድምፅ መጣና እንደ ልማዱ ቆም አለ። እሳቸው እኔን አዩኝ። ዝም ስል ጊዜ አንገታቸውን ወደ ሳሎኑ አስግገው "አሜን!" አሉ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ፣ ከዚያም አማተቡ። አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ሰማሁት። "አላህ ይስጥልኝ ጎረቤት!" አለ ከውስጥ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም።

"እኛም ተመልሶ የሚመጣ አለን፤ ስንጠብቅ ይኸው ሁለት ሺህ ዓመት ልንሞላ ነው" አሉኝ። "የምንጠብቀው ግን ተሰብስበን ነው። ሽማግሌውን ብቻውን አታስጠብቂው ልጄ።"

"ወንፊቱን እዚያ ያስቀምጡት" አልኳቸው። አፈርኩ፣ ግን ያን ማለት ብቻ ነው የቻልኩት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲሱን ራሽን ልጨምር ቆርቆሮውን ሳወርድ ቀለለኝ። ስከፍተው ከግማሽ በታች ወርዷል። እኔ አልነካውም፣ አባቴ ስኳር አይቀምስም። አይጥ እንዳልል አይጥ ክዳን መልሶ አይገጥምም። ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሳይካሄድ ቀረና ሰዓቴ ሳይደርስ ቤት ገባሁ። አባቴ ሰሌኑን አንጥፎ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ከባዶው ትራስ ፊት ተንበርክኳል። ስኒው ውስጥ ቡና የለም፣ ሻይ ነው። ቆርቆሮው አጠገቡ ተከፍቷል። አንድ ማንኪያ ጨመረ፣ ሁለተኛ ጨመረ፣ ሦስተኛውን ግማሹን ሰሌኑ ላይ አፈሰሰው። እንደገና ቀድቶ ሞላውና ማማሰል ጀመረ።

ምላሴ ከልቤ ስለሚቀድም "አባባ፣ መህዲ ደግሞ ስኳር ይወዳል እንዴ?" አልኩት።

አልዞረም። ማማሰሉንም አልተወም።

"መህዲን የሚያመጣው ጌታ አለው" አለ። "ያ ልጅ ማን አለው?"

ጠመኔ በነካው እጄ በሩን ይዤ ቆምኩ።

"ከሄደ ጀምሮ ቦታው የእሱ ነው" አለኝ። "ሰዎቹ ሳሉ ቡናውን አስቀርብለታለሁ፣ በልቤ ግን ለእሱ ነበር። ሰዎቹ ሲቀሩ፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ሳትመጪ፣ ሻይ አደረግሁለት። መህዲ ቢመጣም አይቀየመኝም። ፍትሕ አዋቂ አይደል?"

"አባባ፣ የላክሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ ያላልኩት ነገር ነው።

"አውቃለሁ። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲያውም ቶሎ በል ብዬዋለሁ።" አሁን ዞሮ አየኝ። "ቀበሌ ለምን አልሄድክም አልሽኝ። እዚያ በር አጠገብ ስደርስ እግሬ እምቢ ይለኛል፤ ስንቴ መንገድ ጀምሬ ተመልሻለሁ።"

ጫማዬን አውልቄ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ሰሌን ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ እጁን ዘረጋ። የወንድሜን ስም ከነአባቱ ስም ጠራ፣ ያለበትን አንተ ታውቃለህ፣ አድርስልን አለ፣ ቆምም አለ። "አሚን" አልኩ። ድምፄ ተሰባብሮ ወጣ፣ ግን ወጣ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛውን ልመና ጀመረ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደ አገሩ ሲጎርፍ አንዳንዱ በሆሳዕና አለፈ። ልብሳቸው የተቀደደ፣ እግራቸው የቆሰለ፣ ዳቦ የሚለምኑ ልጆች ናቸው። አባቴ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ማንቆርቆሪያና ያንን ቆርቆሮ አጠገቡ አድርጎ ተቀመጠ። ላለፈው ሁሉ ሻይ ይቀዳል፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ። "በዛ አባባ" ይሉታል፣ አይሰማም። ሲጠጡ ግንባር ግንባራቸውን ያያል። ስኳሩ በአራተኛው ቀን አለቀ፣ ከሌላ ሱቅ በውድ ገዛሁለት። የሚያልፈው ሰው እያነሰ እያነሰ ሄደና አንድ ቀን ጭራሽ የሚያልፍ ጠፋ። ወንበሩን ግን እስከ ክረምቱ አላስገባም።

ወንድሜ አልመጣም። ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም። አባቴ በሁለተኛው ዓመት ሞተ፤ እስከ መጨረሻዋ ሐሙስ ድረስ አሚን ብዬለታለሁ። ጎረቤታችንም አሁን የሉም። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቤቱ ያው ነው፣ ሱቁን አከራይቼዋለሁ።

ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ሁለት ትራስ አወጣለሁ። ሻዩን እቀዳለሁ፣ ሦስት ማንኪያ እጨምርበታለሁ። ወንድሜን አድርስልኝ እላለሁ፣ ምድርን በፍትሕ የሚሞላውንም አቅርብልን እላለሁ፤ አሁን ሁለቱንም ነው የምለምነው። በየልመናው መጨረሻ እንደ አባቴ ቆም እላለሁ። ያኔ ከጓዳ ሆኜ ስከለክለው አባቴ ምን ይሰማ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ የሰዓቱ ድምፅ ነው፣ ከውጭ ደግሞ የገበያተኛው። ትንሽ እጠብቅና ራሴ "አሚን" እላለሁ።