ያልጮህኩበት ቃጠሎ

ወንድሜ ካቻቢቴውን ቡታጋዝ ላይ አግሎ ቀኝ ክንዴ ላይ ሲተክለው ጭሱን አየሁ እንጂ ምንም አልተሰማኝም።

መጀመሪያ ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታክል ነጣ ያለች ምልክት ነበረች። የጭርት ቅባት ብቀባት ብሶባት ወደ አንጓዬ ወረደች። ትንሿ ጣቴም አልታጠፍ ማለት ጀመረች። ግጥም የምጽፍበት እጅ ነው። ቀራንዮ ብየዳ ቤት የሚሠራው ወንድሜ ደግሞ ጭርት በብረት ካልተተኮሰ አይለቅም ባይ ነው።

«ጩህ እንጂ!» አለኝ። ቤቱ የተቃጠለ ሥጋ ይሸታል። «ማን ፊት ነው ጀግና የምትሆነው?»

«አላመመኝም።»

የቀለድኩበት መሰለው። ደገመኝ። አሁንም አልተሰማኝም። በጥፊ ሲያጮለኝ ግን እስከ አንገቴ ነደደኝ፤ ዘልዬ እጁን ነከስኩት፣ ደሙ ጥርሴ ላይ ቀረ። ጀሪካን ገልብጠን፣ በሩን ገንጥለን፣ ተያይዘን ግቢው ውስጥ ወደቅን። ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ክንዴን አየው። ቆዳው ተልጦ ተንጠልጥሏል።

«እውነትህን ነው እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ሰኞ ጠዋት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሄድን። ታክሲ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ገብቶ፣ «ዘይት ተፈናጥሮብኝ ነው በል፤ ያሳስሩኛል» አለኝ።

እንዳለኝ አልኩ። ሐኪሟ ዓይኔን አስጨፍነው፣ ጥጥ በነካኝ ቁጥር «እዚህ» እንድል አዘዙኝ። ጥጡ አልተሰማኝም፤ የምፈራውን መልስ ላለመስማት ግን የጋውናቸውን እጅጌ ኮሽታ እያዳመጥኩ «እዚህ… እዚህ» አልኩ።

«ይዋሻል!» ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት! በጋለ ካቻቢቴ፣ ሁለቴ! ትንፍሽ አላለም!»

ሐኪሟ ጥጡን ወረወሩት። በጥፊ የሚሉት መስሎኝ ነበር።

«አውሬ ነህ እንዴ?» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ነርቭ የሚያደነዝዝ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ሳይታይ እርግጠኛ አልሆንም። ከሆነ መድኃኒት አለው። እንደዋሸህ ብትወጣ ግን ጣቶችህን ታጣቸው ነበር።»

ከጆሮዬና ከክንዴ በምላጭ ጫር አድርገው ወሰዱ። ጆሮዬን ሲጭሩኝ ብቻ ጮህኩ።

ፌርማታው ላይ ወንድሜ በተነከሰ እጁ ጣቶቼን ከአውራው ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠመዝዝ ጀመር።

«ይሄስ?»

«ያማል! ልቀቅ፣ አንተ አረመኔ!»

«ተመስገን። ይሄስ?»

«ኧረ ሰበርከኝ!»

ሰልፈኛው እየዞረ ያየናል። ትንሿ ጋ ደረሰ።

«ይቺስ?»

እስክትነጣ ድረስ ጠመዘዛት። በዚህ ጊዜ ግን አልዋሸሁም፤ ዝም አልኩ። ታክሲው እስኪመጣ አልለቀቃትም።