የልብ ወለዱ በሬ

በዕድገት በኅብረት ዘመቻ መካነ ሰላም አጠገብ ወዳለው ገበሬ ማኅበራችን የመጣች ተማሪ፣ በየእሑዱ ስብሰባ ላይ ልብ ወለድ ታነብልን ነበር። ስታበቃ፣ "ያለ ይሉኝታ አስተያየት ስጡ" ትላለች። እኔ፣ "ፍቅሩ በዝቷል፣ ሥራው አንሷል" ብዬ ተቀመጥሁ።

አንድ እሑድ በመጽሐፉ ውስጥ የአንድ ድሃ በሬ ተሰረቀ። ቦቃ ነው፤ ግራ ቀንዱ ሰባራ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከድርቁ የተረፈችኝ አንዲት በሬ፣ ከወረኢሉ ገበያ የገዛኋት፣ ቦቃ ናት፤ ግራ ቀንዷም ሰባራ ነው።

"አፈርሳታ ይቀመጥ!" አሉ ሽማግሌው ሼህ እንድሪስ። "ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም።"

"ኧረ አባባ፣ ፈጠራ ነው! በሬው የለም!" አለች ልጅቱ።

"ተሰርቆ ከየት ይኖራል?"

በሬዬን ከወሰዱብኝ ልጆቼን ምን አርሼ አበላለሁ? "እስከ መጨረሻው ይነበብ" አልሁ። አነበበች። ሌባው በሬውን አርዶ በላው። ሴቶቹ አለቀሱ። ክርስቲያኑ እኔ "አልሐምዱሊላህ!" አልሁ።

"አሁንስ መጽሐፉ እንዴት ነው፣ ጋሼ?" አለችኝ።

"የዛሬው ጥሩ ነው። በሬው መታረዱ ደስ ይላል።"

ሼህ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በል ነጻ ነህ። ያ ምስኪን ግን ክረምቱ ሳይገባ በምን ያርሳል? ማክሰኞ በሬህን ከጎረቤት በሬ አቀናጅተህ ሄደህ ታርስለታለህ።"

ጉባኤው አጨበጨበ።

"የት ሄጄ?" አልሁ።

ወደ ልጅቱ ጠቆሙኝ። "መንገዱን እሷ ታውቃለች።"