ርካሹ ጫማና የጋሽ ወለል ፍርድ

«ጋሽ ወለል» የሚለውን ስም ያወጡለት የትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ናቸው፤ እሱም ቅር አላለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቅርጫት ኳስ አዳራሹን የእንጨት ወለል ሲጠርግ፣ ሲወለውልና የላላ ምስማር ሲመታ የኖረ ሰው በወለል ቢጠራ ምን ይገርማል? ከሰው ጋር ሲገናኝ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ላይ ሳይሆን ጫማ ላይ ነው። ሚስቱን መጀመሪያ ባያት ቀን ምን ዓይነት ቀሚስ እንደለበሰች ቢጠየቅ አያውቅም። የቀኝ ጫማዋ ተረከዝ በውጭ በኩል አልቆ እንደነበር ግን ለሰው ሁሉ ይናገራል። እሷም እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ደመወዙ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ይሁን እንጂ ማንም ያልሾመው አንድ ሹመት ነበረው፤ ጫማ መርማሪነት። በወጣትነቱ የፋብሪካ ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ ሦስት ዓመት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሜዳ የገባው በጠቅላላው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ዕድል አለው፤ ወይ ያማርራል፣ ወይ ያያል። እሱ አየ። ያየውም እግር ነበር፤ ማን ሲዞር ቁርጭምጭሚቱ እንደሚታጠፍ፣ የማን ጫማ ሩጫው ካበቃ በኋላ ሁለት ጣት ያህል እንደሚንሸራተት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዓይነት ጫማ ገበያ ላይ በወጣ ቁጥር ተጫዋቹም አሰልጣኙም መጀመሪያ ወደ እሱ ይመጣል።

ምርመራው ሥርዓት አለው። ጫማውን ራሱ ያደርጋል። ከመስመር ተነሥቶ እንደ ጉልበቱ ይሮጥና የቅጣት መወርወሪያው መስመር ላይ ድንገት ይቆማል፤ ሲቆም ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። የጎማውን ጩኸት ነው የሚያዳምጠው። ቀጥሎ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይሄዳል። ከተመልካች መቀመጫው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይዘልና ተረከዙ የተናገረውን በወገቡ ያዳምጣል። በመጨረሻ ሶሉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ሁሉ ሲጨርስ ወደ ዕቃ ቤቱ ይገባና ከበሩ በስተጀርባ፣ ከጫማው ዓይነት ጎን፣ በጠመኔ አንዲት ቃል ይጽፋል፤ «ያዘ» ወይም «ለቀቀ»። ይግባኝ የለም። ከዚያ በር ላይ አንድም ቃል ተሰርዞ አያውቅም።

የዛሬው ጉዳይ የመጣው የልጃገረዶቹ ቡድን ለዋንጫ ካለፈ በኋላ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ በዚሁ አዳራሽ ሊደረግ ነው፤ ልጆቹ ግን ጫማ የላቸውም ማለት ይቀላል። ኳስ አከፋፋይዋ፣ እሱ ራሱ የወለዳት፣ በቁመቷ ማጠርና በአዘላለሏ ምክንያት «ፌንጣ» የምትባለው የመጨረሻ ልጁ፣ የግራ ጫማዋ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፍቶ በሮጠች ቁጥር ያጨበጭባል። አሰልጣኟ ለምና ያሰባሰበችው ገንዘብ ለአንድ ዓይነት ጫማ ብቻ ይበቃል፤ ከሱቁ ጥግ ለተደረደረው ርካሽ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ጥንድ በጋሽ ወለል ቁጥር ተውሳ መጣች።

«እርስዎ ያዘ ካሉ አሥራ ሁለቱንም እገዛለሁ» አለችው። «ለቀቀ ካሉ በአሮጌው እንጫወታለን። ሐሙስ ቀትር ላይ ቁርጡን ካልነገርኩት ባለሱቁ ለሌላ ይሰጠዋል።»

«በጣም ርካሽ ነው?»

«ዋጋውን ሲነግረኝ ባለሱቁ ራሱ አፈረ።»

ጋሽ ወለል ጫማውን በእጁ መዘን መዘን አደረገ፤ ቀላል ነው። አደረገውና ክሩን አጠበቀ፤ ጫማው እግሩን አቀፈው። ከዚያ ሜዳውን ተመለከተና ፈገግ አለ።

ፈገግታው ምክንያት ነበረው። ቅዳሜ ዕለት ትልልቅ እንግዶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ ተብሎ አዳራሹ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ልጆቹም ልምምዳቸውን ውጭ ሲሚንቶ ላይ ያደርጋሉ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ የወለል ሰም ሰጥቶታል። ጋሽ ወለል ዕድሜውን ሙሉ የሰም ጠላት ነበር፤ «ወለል ለመርገጥ እንጂ ለመሽኮርመም አይደለም» ይል ነበር። ግን የእንግዳ ነገር ሆነና ሰኞ ዕለት ቀባው። ቀባው፣ አሸው፣ እንደገና አሸው። ማታ ሲጨርስ የጣሪያው መብራቶች ከእግሩ ሥር ተደርድረው አያቸው። ጎንበስ ሲል ፊቱንም አየ፤ ደስ አለው። ሰው በገዛ ሥራው ውስጥ የገዛ ፊቱን አይቶ ደስ ሲለው፣ ነገር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

እናም ማክሰኞ ጠዋት ሮጠ። የቅጣት መወርወሪያው መስመር ላይ ቆመ፤ ማለትም እሱ ለመቆም ወሰነ፤ እግሮቹ ግን አልተስማሙም። ቅርጫቱን አልፎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፍራሽ ጋ ደርሶ በመቀመጫው አረፈ።

«ምነው፣ ለቀቀ?» አለች አሰልጣኟ እየሮጠች መጥታ።

«እኔን ነው የለቀቀኝ!»

ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ፍራሹን አቀፈ። ያም ሆኖ ፍትሐዊ ሰው ነውና ሌላውን ምርመራ አልዘለለም። ተረከዙ ደረቅ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ግን ታማኝ ነው። አፍንጫው ጠበብ ይላል፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። «ምን ዋጋ አለው» አለ፤ «ጠባዩ ሁሉ ደህና ነው፤ መቆም ብቻ አያውቅም።» በሩ ላይ «ለቀቀ» ብሎ ጻፈ። አሰልጣኟ ቃሉን አይታ ሄደች።

ማታ ቤቱ ሲደርስ ፍርዱ ቀድሞት ደርሷል። ፌንጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የግራ ጫማዋን በሲባጎ እየጠፈረች ነው።

«አባዬ፣ ደስ አለህ?»

«እኔ ነኝ እንዴ ጫማውን የሠራሁት?»

«አንተማ ብትሠራው በሩ ላይ ያዘ ትለው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመችና መግቢያውን ዘጋችበት። በዚህ ቤት ሕግ ሶሉ ያልተጠረገ ጫማ ደፍ አያልፍም፤ አሥር ዓመት ሙሉ መርፌና ክር ከምንጣፍ ላይ ስትለቅም የኖረች ሴት ያወጣችው ሕግ ነው። ርካሹን ጫማ ከእጁ ተቀብላ ገለበጠችው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ቢጫ ሆነ። እንደገና ጠረገች፤ እንደገና ቢጫ ሆነ። አሸተተችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ሰም ነው። ፋብሪካው ነው የቀባው ወይስ አንተ?»

ፌንጣ ጨርቁን ተቀብላ አሸተተች፤ አባቷን አየች። ከዚያ ሦስት ካልሲ ደራርባ ያንን ትልቅ ጫማ አደረገችና በሲሚንቶው ግቢ ሮጣ ቆመች። ጎማው ጮኸ።

«ሰማህ?» አለች እናቷ።

«ሲሚንቶ ላይ ነጠላ ጫማም ይይዛል» አለና ገባ። እራቱን ግን ግማሹን ተወው።

ረቡዕን ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ዋለ፤ ሥራ ፈልጎ አጣ። ማሰብ ነበረበት፤ ማሰብ ደግሞ አልፈለገም። ጫማው ከፋ ቢባል ማን ይጎዳል? አንድ ባለሱቅ። ወለሉ ከፋ ቢባል ግን ስሙም፣ በሩም፣ ሃያ ሁለቱም ዓመት አብሮ ይከፋል። ሌላው ሐሳብ ደግሞ ከሥር ከሥር ይመጣበታል፤ ቅዳሜ ልጁ በሲባጎ የታሰረ ጫማ አድርጋ እዚህ መስታወት ላይ ስትሮጥ ይታየዋል። እጁን ኪሱ ከተተ፤ አወጣው፤ ደግሞ ከተተው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የራሱን አሮጌ ጫማ ይዞ መጣ። በበሩ ላይ የመጀመሪያውን «ያዘ» ያገኘች፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ ናት። የወለሉን ክብር ለማስመለስ ከእሷ የተሻለ ምስክር የለውም። ሮጠ፤ ቆመ። ፍራሹ ተቀበለው።

እዚያው ተዘርግቶ ወደ ጣሪያው እያየ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ብቻውን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተነሥቶ ሙቅ ውኃና ሳሙና አመጣና አንዷን ማዕዘን ብቻ፣ አራት እርምጃ በአራት እርምጃ፣ እንጨቱ እስኪገረጣ ድረስ ፈገፈገ። ሲደርቅ ርካሹን ጫማ አደረገ። እዚያች ማዕዘን ላይ ሮጦ ሲቆም ጫማው ጮኸ፤ እሱም ቆመ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱንም ጊዜ ቆመ።

ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀረው መወልወያውን እንደያዘ መምህራን ማረፊያ ገባ። አሰልጣኟ ደብተር ታርማለች።

«ፍርዴን አነሣለሁ» አላት።

«እርስዎ? አንሥተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም፤ ለዚህ ነው የከበደኝ። ስሚኝማ፤ ጫማው ይይዛል። ተረከዙ ደረቅ ነው፤ ሁለት ሁለት ካልሲ ያድርጉ። አፍንጫው ጠባብ ነው፤ እግረ ሰፊዎቹ አንድ ቁጥር ይጨምሩ። ሶሉ አቧራ ይወዳል፤ በየዕረፍቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ከዓመት በላይ አይቆይም። ለቅዳሜ ግን እኔ ዋስ ነኝ።»

«ታዲያ ማክሰኞ የለቀቀው ምንድን ነው?»

መወልወያውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዞረ።

«ወለሉ» አለ።

«የእርስዎ ወለል?»

«የእኔ። ሰም ቀብቼው ነበር፤ ለእንግዳ ብዬ… አይ፣ ለራሴ ብዬ ነው።»

አሰልጣኟ ሳቋን ለመያዝ ደብተሩን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ሮጠች።

ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ሙሉ ቀን አሥራ ሁለት ልጃገረዶች በጉልበታቸው ተንበርክከው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ፈገፈጉ። ጋሽ ወለል ሙቅ ውኃ ያመላልሳል።

«ጋሼ፣ ይኼ የልምምድ አካል ነው ወይስ የእርስዎ ቅጣት?» ትላለች አንዷ።

«የእኔ ቅጣት ነው፤ እናንተ እያገዛችሁኝ ነው።»

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ፊትህ ቀርቷል፣ ላጥፋው?» ትላለች ፌንጣ።

«አጥፊው፤ ደህና አድርገሽ ፈግፍጊው» ይላል እሱ።

ቅዳሜ ወለሉ ፊቱን እንዳልታጠበ ሰው ደብዝዞ ነበር። ከፊት የተቀመጡት እንግዳ ጎንበስ ብለው «ወለሉ ትንሽ ፈዘዘ አይደል?» አሉ። ርዕሰ መምህሩ በዓይኑ ጋሽ ወለልን ፈለገ። ጋሽ ወለል «አዎ ጌታዬ፤ ዛሬ ሥራ ላይ ነው» ብሎ መለሰ።

ጨዋታው ሲጀመር ፌንጣ ኳሱን ይዛ እንደ ቀስት ሄደች፤ ሁለት ተከላካዮች ተከተሏት። መስመሩ ላይ ድንገት ቆመች። ጎማው አዳራሹን የሞላ ጩኸት ጮኸ፤ ሁለቱ ተከላካዮች አልፈዋት ሄዱ፤ እሷ ግን እዚያው ነበረች። ጋሽ ወለል ከበሩ ጥግ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ጩኸት ሰማ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ በዚያ አዳራሽ ሰምቶ አያውቅም።

ሙሉውን እንናገር ከተባለ፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። የመጨረሻዋ ኳስ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ዞራ ወጣች፤ በዚህ ደግሞ ጫማም ወለልም አይከሰስም። ልጆቹ ትንሽ አለቀሱ፤ ወዲያው ለስላሳ ተገዛላቸውና ተረሳ። አሸናፊዎቹን የምታሠለጥነው ሴት ግን ስትወጣ ጋሽ ወለልን ጠጋ ብላ «እነዚያን ጫማዎች ከየት ነው የገዛችኋቸው?» ብላ ጠየቀችው።

ሁሉም ሲሄድ ጠመኔውን ይዞ ዕቃ ቤት ገባ። የማክሰኞዋን «ለቀቀ» በእጅጌው ጠረጋት፤ በቦታዋ «ያዘ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ከሥሯ ሌላ መስመር ጨመረ፤ «ወለል፤ ለቀቀ»። ጽፎ ሲዞር ፌንጣ ከኋላው ቆማለች፤ አዲሱን ጫማዋን በክሩ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ጠመኔውን ከእጁ ወሰደችና በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ከጎኑ አከለችበት፤ «ከሐሙስ ወዲህ ያዘ»።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ።

«ሞክሬዋለሁ» አለችው፤ መብራቱንም አጥፍተው ወጡ።